ዕቃ ቤት የከረመ ስቴሪዮ፦ የጥገና ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 28

ለጥገና የተረከብኋቸው ዕቃዎች አንድ ጃፓን ሠራሽ ስቴሪዮ ሪሲቨር (ራዲዮና የድምፅ ማጉያ በአንድ ሳጥን የያዘ)፣ አብሮት የተገዛ የካሴት ዴክ፣ አንድ አውሮፓ ሠራሽ የሸክላ ማጫወቻ እና ጥንድ ስፒከሮች ናቸው። ባለቤታቸው አጎቴ ሲሆኑ፣ ዕቃዎቹ አዲስ አበባ በሚገኘው ግቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ በተከደነ ዕቃ ቤት በኬሻ ተሸፍነው ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጠዋል። ሲቀመጡ አንዳቸውም አልተበላሹም ነበር፤ በመጀመሪያ ቤቱ ሲታደስ ቦታ ስለጠበበ ወጡ፣ ከዚያም ሲዲው ቀጥሎም ሞባይሉ ስለመጣ የሚያስታውሳቸው ጠፋ። ይህ ለሥራው ዋና መረጃ ነው። የምፈልገው ብልሽት በአጠቃቀም የመጣ ሳይሆን ባለመጠቀም የመጣ በመሆኑ ፍለጋው ከተለመደው ጥገና የተለየ ቅደም ተከተል ይኖረዋል።

አጎቴ "ሰክተን እንየው እንጂ፤ እኔ ስጠቀልለው እኮ ደህና ነበር" አሉኝ። "ጋሼ፣ ዛሬ ከሰካነው ደህና ሆኖ የቆየውም ሊቃጠል ይችላል" ብዬ ስፒናውን በፕላስተር ጠቀለልኩት።

ብዙ ሰው ያልሠራ ዕቃ አልደከመም ብሎ ያስባል። በድምፅ መሣሪያ ውስጥ ግን በሥራ ላይ በመሆናቸው ብቻ ጤንነታቸው የሚጠበቅ ክፍሎች አሉ፤ አንዳንዱን የሚጠብቀው ቮልቴጅ ነው፣ አንዳንዱን መፋተግ፣ አንዳንዱን መሽከርከር። መሣሪያው ሲጠፋ ይህ ሁሉ ጥበቃ በአንድ ቀን ይቋረጣል፤ አየሩ፣ እርጥበቱና ሙቀቱ ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የዕቃ ቤቱ ሁኔታ ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ሌሊት በአዲስ አበባ ብርድ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ በክረምት ወራት አየሩ እርጥበት ሲሞላ ይህ መለዋወጥ በቀዝቃዛው የብረት ሻሲ ላይ ጤዛ ይፈጥራል። ኬሻው ጤዛውን አይከለክልም፤ እንዲያውም ይዞ ያቆየዋል።

ጥቅምት 2

የሪሲቨሩን ክዳን ከፈትኩ። ከትራንስፎርመሩ አጠገብ የአይጥ ጎጆ ነበር፤ ወረቀትና ጥጥ እንዲሁም የተበላ የሽቦ ላስቲክ። አቧራውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ እየቀሰቀስኩ በቫኪዩም ሳብኩት። የአይጥ ሽንት ጨውና አሞኒያ ስላለበት የመዳብ መስመሮችን ይበላል፤ እዚህም በኃይል አቅርቦቱ ሰሌዳ ጥግ ላይ ሁለት መስመሮች አረንጓዴ ሆነው ነበር። ቦታውን ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ አጠብኩ፤ በአንድ መደብር ውስጥ ውሃውና አሲዱ ጎን ለጎን ስለሚደረደሩ ጽሑፉን ሳያነቡ መግዛት አይገባም። ከዚያ በአልኮል አደረቅሁትና የተበላውን መስመር በቀጭን ሽቦ በየድኩት።

በአልኮሉ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው አልኮል ለቆዳ ሲባል ግሊሰሪን ስለሚጨመርበት ከደረቀ በኋላ ቅባት ይተዋል፤ ለሰሌዳም ሆነ ለካሴት ሄድ (ድምፁን ከካሴቱ ላይ ለሚያነበው ክፍል) አይሆንም። የምጠቀመው ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው።

ከአይጡ ይልቅ ያሳሰበኝ ትልልቆቹን ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ክፍሎች) ከሰሌዳው ጋር ለማጣበቅ የፈሰሰው ሙጫ ነው። በዚያ ዘመን በነበሩ የጃፓን መሣሪያዎች ይህ ሙጫ የተለመደ ነው፤ ሲቀባ ቢጫማ ይሆንና በዓመታት ውስጥ ወደ ጥቁር ቡኒ ይለወጣል። ቡኒ ከሆነ በኋላ እርጥበት እየሳበ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል፣ የነካውንም የሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገድብ ክፍል) እና የዳዮድ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) እግር ይበላል። የአንድ ሬዚስተር እግር በፒንሳ ስነካው ተቆረጠ። ሙጫውን በእንጨት ስንጥርና በአልኮል እያለሰለስኩ እስከ መጨረሻው ፋቅሁት፤ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሆኖም ይህ ሳይደረግ የሚለካ ቁጥር ሁሉ አያስተማምንም።

በጀርባ ያለው የቮልቴጅ መምረጫ 220 ላይ ነው፤ የቤቱ ሶኬት ደግሞ ዛሬ 228 ቮልት ይለካል። መምረጫው ራሱ የብረት መገናኛ በመሆኑ ነቅዬ አጸዳሁት። የፊውዞቹ ጫፍም ጠቁሮ ነበር።

ጥቅምት 5

ዛሬ ሙሉ ቀን የካፓሲተሮች ሆነ። አጎቴ "ሰክተን እንየው" ሲሉኝ እምቢ ያልኩበት ዋና ምክንያት እዚህ ስለሆነ በዝርዝር እጽፋለሁ።

በአሉሚኒየም ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ውስጥ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ንጣፎች በፈሳሽ በራሰ ወረቀት ተለያይተው ተጠቅልለዋል። በመካከላቸው ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከለክለው ግን ወረቀቱ አይደለም፤ በአንደኛው ንጣፍ ላይ በፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል የተፈጠረው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው። የሽፋኑ ውፍረት ለተፈጠረበት ለእያንዳንዱ ቮልት በግምት 1.4 ናኖሜትር ብቻ ነው። መሣሪያው በሥራ ላይ ሲሆን በካፓሲተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ በሽፋኑ ላይ የሚፈጠረውን ቀዳዳ ሁሉ ከፈሳሹ ኦክስጅን እየወሰደ ወዲያው ይደፍናል። ቮልቴጁ ሲቋረጥ ጥገናው ይቆማል፤ ፈሳሹ ግን ሽፋኑን ቀስ በቀስ ማሳሳቱን አያቆምም። ከዓመታት በኋላ ሙሉ ቮልቴጅ በድንገት ሲመጣ ኤሌክትሪክ በሳሱት ቦታዎች ይሾልካል፤ ሹልክታው ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ጋዝ፣ ጋዙም ካፓሲተሩን ያፈነዳል። ከዚያ በፊት ሬክቲፋየሩን (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠውን) ወይም ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል። ደህና ሆኖ የተቀመጠ መሣሪያ በተሰካበት ደቂቃ የሚጨስበት ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው ጋር የማይገናኝ ብልሽት አለ፤ ፈሳሹ በጎማ መክደኛው በኩል ቀስ እያለ ተንኖ ይደርቃል። የደረቀ ካፓሲተር የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፣ አቅሙም ይወርዳል። የመጀመሪያው ብልሽት ቮልቴጅን ቀስ በቀስ በመመለስ ይድናል፤ ሁለተኛው አይድንም። ብዙ ጠጋኞች ሁለቱን ስለሚቀላቅሉ ወይ ሁሉንም ይለውጣሉ ወይ ምንም አይለውጡም።

ሁለቱን ዋና ካፓሲተሮች ከሰሌዳው ነቀልኳቸው፤ እያንዳንዳቸው 10,000 ማይክሮፋራድ፣ 50 ቮልት ናቸው። በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል 40 ቮልት ሰጠኋቸው። በዚህ አሠራር ምንም ቢፈጠር ከ4 ሚሊአምፔር በላይ ሊያልፍ አይችልም፤ የሚሾልከውም በሬዚስተሩ ላይ በሚታየው ቮልቴጅ ይታወቃል። ከሞሉ በኋላ በአንደኛው ሬዚስተር ላይ 6 ቮልት ቀረ፣ ማለትም 0.6 ሚሊአምፔር ይሾልካል፤ በሌላኛው ላይ 11 ቮልት ቀረ። ሌሊቱን እንደተሰኩ እንዲያድሩ ተውኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ወደ 0.4 ቮልት፣ ሁለተኛው ወደ 0.9 ቮልት ወርደዋል። ሽፋኑ ተመልሷል ማለት ነው። አቅማቸውንና የውስጥ ተቃውሟቸውን ስለካ ሁለቱም ደህና ስለሆኑ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ትንንሾቹ እንዲህ አልቀናቸውም። በተለይ በኃይል አቅርቦቱ ሰሌዳ ላይ ከአንድ የሚሞቅ ሬዚስተር አጠገብ የነበሩት ሦስቱ ከአቅማቸው ግማሽ እንኳ አልቀራቸውም፤ 47 የተጻፈበት 19 ይለካል። ይህ ግን የማስቀመጥ ጥፋት አይመስለኝም። የእነዚህ ካፓሲተሮች ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በግምት በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እነዚያ ሦስቱ መሣሪያው ገና በሳሎን ሲዘፍን ሳለ መድረቅ ጀምረው ነበር ብዬ እገምታለሁ። ከሙቀቱ ራቅ ያሉት ተመሳሳይ ካፓሲተሮች ዛሬም ጥሩ ናቸው። "ዕድሜያቸው ስለገፋ ሁሉንም መለወጥ" የሚለውን ልማድ የማልቀበለው ለዚህ ነው፤ ደህናውን ነቅሎ አዲስ ማስገባት የሰሌዳውን መስመር ለመላጥ ዕድል ይከፍታል እንጂ የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው።

ምትኮቹን ከመርካቶ ገዛሁ፤ 105 ዲግሪ የሚችሉትን መርጫለሁ። ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ሐሰተኛ ካፓሲተር በዓለም ገበያ ሁሉ ስለሚገኝ ከመበየዴ በፊት እያንዳንዱን ለካሁ።

ጥቅምት 9

መጀመሪያ የማብራት ሥራ። በመስመሩ ላይ በተከታታይ ባለ 60 ዋት ተራ አምፖል አስገባሁ። አምፖሉ ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው ትንሽ ነው፣ ሲግል በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ስለዚህ መሣሪያው ብዙ ኃይል መሳብ ሲጀምር አምፖሉ ራሱ በርቶ ኃይሉን ይወስድበታል። መሣሪያው ውስጡ ሾርት ቢያደርግ እንኳ ከ0.27 አምፔር በላይ አያልፍም። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አያገለግልም፤ ባለ ክሩ መሆን አለበት።

ከማብራቴ በፊት ስፒከሮቹን የሚነዱትን የውጤት ትራንዚስተሮች የዕረፍት ኤሌክትሪክ (ድምፅ ሳይኖር የሚያልፍባቸውን) የሚወስኑትን ትንንሽ ማስተካከያዎች አጸዳሁና ዝቅተኛው ላይ አዞርኳቸው። በብዙ አምፕሊፋየሮች ንድፍ የእነዚህ መገናኛ ኦክሳይድ ይዞ ቢቋረጥ ትራንዚስተሮቹ ሙሉ በሙሉ ይከፈቱና በሴኮንዶች ውስጥ ይቃጠላሉ። ባለ ጥቂት ብር ዕቃ ውዱን ዕቃ የሚያቃጥለው በዚህ መንገድ ነው፤ ደግሞም ይህ ማስተካከያ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ማንም ያልነካው በመሆኑ ከሁሉ በላይ ኦክሳይድ የሚይዘው እርሱ ነው።

አምፖሉ በደማቁ በራና ወዲያው ፈዘዘ፤ ካፓሲተሮቹ ሞልተው መሳብ አቆሙ ማለት ነው። ጭስም ሽታም የለም። ከዚያ በ100 ዋት አምፖል፣ በመጨረሻም በቀጥታ። በስፒከር መውጫዎቹ ላይ በግራ 14፣ በቀኝ 31 ሚሊቮልት ቀጥተኛ ቮልቴጅ አለ፤ ከ50 በታች በመሆኑ እቀበለዋለሁ። የዕረፍት ኤሌክትሪኩን መሣሪያው ለግማሽ ሰዓት ከሞቀ በኋላ በ0.47 ኦም ሬዚስተሩ ላይ 12 ሚሊቮልት እስኪሆን አስተካከልኩ፤ ወደ 25 ሚሊአምፔር ይመጣል።

ጥቅምት 12

መሣሪያው ይዘፍናል፤ ግን የቀኙ ስፒከር ድምፅ ዝቅ ሲል ይጠፋል፣ ድምፁን ከፍ ሳደርግ በድንገት ይመለሳል፣ ዝቅ ሳደርግም ለጥቂት ጊዜ ቆይቶ እንደገና ይጠፋል። ይህን ጠባይ ያየ ሰው ሌላ ነገር መፈለግ የለበትም፤ የስፒከር መከላከያ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ) ነው። የሪሌዩ መገናኛ ነጥቦች ብር የተለበጡ ናቸው፤ ብር በአየር ውስጥ ካለው ጥቂት የሰልፈር ጋዝ ጋር ተዋህዶ ጥቁር ሽፋን ያወጣል። መሣሪያው በየቀኑ ሲበራ ነጥቦቹ በተገናኙ ቁጥር ሽፋኑን ይሰብሩታል፤ ለዓመታት ተለያይተው ሲቆዩ ግን ሽፋኑ ይወፍራል። የዝቅተኛ ድምፅ ትንሽ ቮልቴጅ ሽፋኑን መብሳት ያቅተዋል፣ የከፍተኛው ድምፅ ቮልቴጅ ግን ይበሳዋል።

የሪሌዩን የፕላስቲክ ክዳን አነሳሁና ጠንከር ያለ ወረቀት በአልኮል አርሼ በነጥቦቹ መካከል፣ በጣቴ ቀስ ብዬ እየጫንኩ፣ ጥቁሩ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ሳብኩት። ብርጭቆ ወረቀት አይነካም፤ ልባጩን ከፋቀ በኋላ ሪሌዩ ለወራት ብቻ ይሠራል።

የድምፅ መቆጣጠሪያውና የቶን ማስተካከያዎቹ ሲዞሩ ይንጫጩ ነበር፤ መጫወቻ መምረጫው ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ ያሳልፋል። ሁሉም አንድ ዓይነት በሽታ ነው። ለኤሌክትሮኒክስ መገናኛ ተብሎ የሚሸጠውን ማጽጃ ጥቂት ነፍቼ ከዳር እስከ ዳር ደጋግሜ አዞርኳቸው፤ ማጽጃው የሚያለሰልስ ቢሆንም ኦክሳይዱን የሚያነሳው መፋተጉ ነው። ዝገት ለያዘው ብሎን ማላቀቂያ የሚሸጠው ዘይት ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ አቧራ የሚይዝ ቅባት ይተዋል።

ጥቅምት 19

የካሴት ዴኩ ሲጫን ሞተሩ ይሰማል፤ ምንም ነገር ግን አይንቀሳቀስም። ስከፍተው ሦስቱ የጎማ ቺንጋዎች ቺንጋ መሆናቸው ቀርቶ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ፈሳሽ ሆነው በፍላይዊሉ (ፍጥነቱን በሚያረጋጋው ከባድ ጎማ)፣ በሞተሩ ፑሊና በሻሲው ላይ ፈስሰዋል። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ቢሽከረከር ኖሮ ይህን ሬንጅ ወደ ሁሉም ቦታ ይረጨው ነበር። ቺንጋ በሥራ ላይ ሲሆን ዝርግነቱ በክቡ ላይ ይዳረሳል፤ ሲቆም ግን አንድ ቦታው ላይ በፑሊው ዙሪያ ታጥፎ ይቀራል፣ ላስቲኩም ከአየርና ከእርጥበት ጋር በሚያደርገው ውህደት ይፈርሳል። ያልፈረሱት ቺንጋዎች እንኳ ብዙ ጊዜ የፑሊውን ቅርጽ ይዘው ደርቀው ይገኛሉ።

ሬንጁን በአልኮልና በጆሮ ማጽጃ ጥጥ አጸዳሁት፤ ጓንት ማድረግ ግዴታ ነው፣ እጅ ላይ ከያዘ ለቀናት አይለቅም። ፑሊዎቹ ላይ ስስ ሽፋን እንኳ ከቀረ አዲሱ ቺንጋ ይንሸራተታል። የቺንጋውን መጠን ለማወቅ በፑሊዎቹ ዙሪያ ክር አዞርኩና ርዝመቱን ለካሁ፤ ከዚያ በ5 በመቶ ያጠረ ቺንጋ ይፈለጋል። በጣም ከጠበቀ የሞተሩን ኩሺኔታ ይበላዋል፣ ከላላ ደግሞ ድምፁ ይዋዥቃል።

ሌላው ነገር ግሪሱ ነው። የማጫወቻውን ሄድ ወደ ካሴቱ የሚያስጠጋው ተንሸራታች ክፍል ላይ የተቀባው ግሪስ ዘይቱን አጥቶ የቀረው ዘይቱን የሚያጠነክረው ሳሙና ብቻ ነው፤ ሳሙናውም ክፍሉን ከነሐዲዱ አጣብቆታል። በኃይል የሚገፋው ሰው የፕላስቲኩን ጥርስ ይሰብራል። ነቅዬ አጥቤ ጥቂት አዲስ ግሪስ ቀባሁ።

ካሴቱን የሚጎትተው የጎማ ሮለር ጠንክሮ ያብለጨልጫል። ላዩን በቀጭኑ ብርጭቆ ወረቀት አነሳሁለት፤ ጊዜያዊ መፍትሔ ስለሆነ ምትኩን አዝዣለሁ።

ጥቅምት 27

ዴኩ ይሠራል፤ ግን በማጫወት ላይ ሳለ በግራው ወገን ያፏጫል፣ አልፎ አልፎም ድምፁ ይጠፋል። በዚህ ዘመን ዴኮች ውስጥ ከማጫወት ወደ መቅዳት የሚያዛውር አንድ ረጅም ተንሸራታች ማብሪያ አለ፤ በውስጡም ብዙ ጥንድ መገናኛዎች ተደርድረዋል። ባለቤቱ ካልቀዳ ይህ ማብሪያ በፍጹም አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ሁሉም መገናኛዎቹ በአንድ ቦታ ላይ ይጠቁራሉ። አንዱ ጥንድ እንኳ ሲቋረጥ የማጉያው ግብዓት ክፍት ይሆንና ፉጨት ይጀምራል። ብዙ ዴኮች አይሲያቸው (የማጉያው ቺፕ) ተቃጥሏል ተብለው የሚጣሉት በዚህ ማብሪያ ምክንያት ይመስለኛል። ማጽጃ ነፍቼ በእጅ ወዲያና ወዲህ አንሸራተትኩት፤ ፉጨቱ ቆመ።

ቀጥሎ ፍጥነት። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር መሄድ አለበት። በደህና ዴክ ላይ 3,000 ኸርዝ ድምፅ የተቀዳበት ካሴት ተውሼ አጫወትኩና በሞባይል መለኪያ 2,870 አነበብኩ። የሞተሩ ኩሺኔታ ዘይቱን አጥቶ ስለነበር ሁለት ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ሰጠሁት፤ ፍጥነቱ ራሱ ወደ 2,950 ወጣ። የቀረውን በሞተሩ ጀርባ ባለው ቀዳዳ በቀጭን ካቻቢቴ አስተካከልኩ። ዘይቱ ሳይሰጥ ማስተካከያው ተዞሮ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ካሴቱ ይፈጥን ነበር።

ኅዳር 3

የሸክላ ማጫወቻው ቀለል ይላል። በማብሪያው ላይ ብልጭታ ለማፈን የተሰካ 0.1 ማይክሮፋራድ የወረቀት ካፓሲተር አለው፤ ግልጽ በሆነው ቢጫማ ልባጩ ላይ የተሰነጣጠቁ መስመሮች ይታያሉ። በስንጥቁ የገባው እርጥበት ወረቀቱን ያረሰዋል፤ 220 ቮልት ሲያገኝ በሽታና በጭስ ይፈነዳል። ይህን ዓይነት ካፓሲተር በአውሮፓ ሠራሽ ዕቃ ውስጥ ካየሁ መለካት እንኳ አላስፈልገኝም፣ ቆርጬ አወጣዋለሁ። ምትኩ ኤክስ2 የተባለው ደረጃ ያለው፣ 275 ቮልት ተለዋዋጭ የሚችል መሆን አለበት።

የሳህኑን ምሰሶ አሮጌ ዘይት ጠርጌ አዲስ ሰጠሁት፤ ቺንጋውን ለወጥኩ። መርፌው ግን አይጠገንም፤ ጫፉን የሚሸከመው ትንሽ ላስቲክ ስለደረቀ በሸክላው ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ይዘላል። አዲስ መርፌ ተገዝቷል። የአጎቴ ሸክላዎች አብዛኞቹ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ከመሠረቱበት ጊዜ አንስቶ፣ ካሴት ገበያውን እስከወሰደበት እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ የታተሙ ናቸው፤ በደረቀ መርፌ እነርሱን መጫወት ሊመለስ የማይችል ጉዳት ነው።

ከአሜሪካ ለዘመድ ተልኮ የመጣ የሸክላ ማጫወቻ ለሚያጋጥመው አንድ ነገር ላንሳ። የቮልቴጅ መቀነሻ ትራንስፎርመር 220ውን ወደ 120 ያወርዳል እንጂ 50 ኸርዙን ወደ 60 አይለውጥም። ሞተሩ የመስመሩን ኸርዝ የሚከተል ዓይነት ከሆነ በደቂቃ 33⅓ ዙር የሚገባው ሸክላ 27.8 ብቻ ይዞራል። ይህ ዕቃ ተበላሽቶ አይደለም፤ ፑሊው መለወጥ አለበት።

ኅዳር 11

የስፒከሮቹ የፊት ጨርቅ ሲነሳ የባለ 8 ኢንቹ ዋና ድምፅ ሰጪ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ በጣት ሲነካ ዱቄት ሆነ። ከፖሊዩረቴን የተሠራ ነው፤ የአየር እርጥበት ውስጡን እየበጣጠሰ ያፈርሰዋል፣ ቢጫወትም ባይጫወትም። ከሁሉም ብልሽቶች ውስጥ በማብራት ሊከላከሉት የማይቻለው ይህ አንዱ ነው። አዲስ ስፖንጅ በነጭ ሙጫ ለጠፍኩ። ከመለጠፌ በፊት የተሰነጣጠቀውን ቅሪት በሙሉ መፋቅና ድምፅ የሚያወጣው የወረቀት ሾጣጣ ከነሽቦ ጥቅሉ በማግኔቱ ቀዳዳ ውስጥ መካከል ላይ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብኝ፤ ሙጫው ሳይደርቅ ወረቀቱን በቀስታ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እየገፋሁ ምንም የመቧጨር ድምፅ አለመኖሩን አዳመጥኩ።

የቀኙ ስፒከር የቀጭን ድምፅ ሰጪ ከግራው ይደበዝዛል። በዚያ ዘመን በብዙ ቀጭን ድምፅ ሰጪዎች ውስጥ ለማቀዝቀዣ የገባው መግነጢሳዊ ዘይት ሲጠነክር እንዲህ ያደርጋል፤ የዚህኛው ግን ሲከፈት ዘይት የሌለው ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። የቀረው ተጠርጣሪ በሳጥኑ ውስጥ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለው ድምፅ መለያ ላይ ያለ ካፓሲተር ነው።

ኅዳር 17

ካፓሲተሩ 3.3 መሆን ሲገባው 1.2 ይለካል። የሁለቱንም ስፒከሮች በፊልም ካፓሲተር ለወጥኳቸው፤ አንዱን ብቻ መለወጥ ግራና ቀኙን ያለያያል። ድብዘዛው ጠፋ።

ከዕቃዎቹ ጋር የመጣች አንዲት ትንሽ ራዲዮም አለች፤ ባትሪ ድንጋዮቿ ውስጧ ፈስሰዋል። የአልካላይን ድንጋይ ፍሳሽ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሆነ በኮምጣጤ ይረክሳል፤ የተራው የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ፍሳሽ ግን አሲዳዊ ስለሆነ ኮምጣጤ ያባብሰዋል፣ ለእርሱ በውሃ የሟሟ ቤኪንግ ሶዳ ይሻላል። የእርሷ ዚንክ ካርቦን ነው። ስፕሪንጎቹ ተበልተዋል፤ በምትካቸው ከሌላ ራዲዮ የተነቀሉ በየድኩ።

ኅዳር 24

ካሴቶቹን ስመረምር የአንዳንዶቹ የመጫኛ ስፖንጅ (ክሩን ወደ ሄዱ የሚያስጠጋው) ወድቋል፣ ሁለቱ ላይ ነጭ ሻጋታ አለ። ሻጋታ ያለበትን ካሴት ዴኩ ውስጥ ማስገባት ሻጋታውን ወደ ሄዱና ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ማዳረስ ስለሆነ ለብቻቸው ታሽገዋል።

ዕቃዎቹ ከዕቃ ቤቱ ወጥተው በሳሎኑ የውስጥ ግድግዳ በኩል ተደርድረዋል። ከአጎቴ ጋር የተስማማነው በየወሩ አንድ ቀን፣ በክረምት ደግሞ በየሳምንቱ፣ ሁሉም ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲበሩ፣ መቆጣጠሪያዎቹ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እንዲዞሩ፣ ዴኩም ባዶውን ወደ መቅዳት አንድ ጊዜ እንዲገባና እንዲወጣ ነው። ድንጋይ የሚወስድ ዕቃ ሁሉ ድንጋዩ ወጥቶ ይቀመጣል። "ታዲያ ሥራ ሆነብን እኮ" አሉ፤ ልጃቸው ግን ሰኞ ሰኞ አበራዋለሁ ብላለች።

ያልጨረስኩት የሪሲቨሩን ራዲዮ ነው። ኤፍኤም አዲስ 97.1 በመደወያው ላይ ወደ 97.3 ገደማ ይመጣል፤ ስቴሪዮውም ደካማ ጣቢያ ላይ ይቆራረጣል። የተዛባው ትንሽ ስለሆነ በጆሮ ብቻ ጣቢያ የሚይዙትን ኮይሎች (የሽቦ ጥቅሎች) መጠምዘዝ ያለውን ያበላሻል፤ ሲግናል ጀነሬተር (ትክክለኛ የሙከራ ሞገድ የሚያወጣ መሣሪያ) እስክዋስ ድረስ በብሎኖቹ ላይ ያለው የፋብሪካ ሰም ሳይነካ ይቆያል።